ያልተጻፈችው ቃል

በዚያ ዘመን ሰው በእጁ የጻፈው ነገር ሁሉ ከአእምሮው ይጠፋ ነበር። ደራሲዋ ስንዱ ግን የቀን ማስታወሻ መጻፍ አልተወችም፤ በዚያ ዓመት ስለ እናትነት መጽሐፍ ልታወጣ አቅዳ ነበር። የሠርጓን ቀን ጽፋ ስለጨረሰች፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ያለችውን ሙሽራ እንደ እንግዳ ነበር የምታያት።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሕፃን ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማ» አለቻት። ስንዱ እየሳቀች ወደ ብዕሯ ሮጠች።

«ኧረ ቆይ!» አላት ባሏ ይልቃል። «ጥርስ ማውጣቷን የጻፍሽ ጊዜ፣ በማግስቱ ‹ውይ፣ ጥርስ አወጣች!› ብለሽ እንደ አዲስ እልል አልሽ።»

«ለመጽሐፉ እኮ ምርጥ ምዕራፍ ይሆነዋል።»

«ለአንባቢ ይቅርበት።»

ስንዱ ትንሽ አመነታችና ብዕሯን አስቀምጣ ልጇን ታቀፈች። «እስቲ ድገሚልኝ፣ የኔ እመቤት» አለቻት።

መጽሐፉ እንዳቀደችው በዚያው ዓመት ወጣ። ያቺ ቃል ግን የለችበትም፤ ስንዱ ጋ ናት።