የበሩ አምፖል

የጎረቤቱ የማስተዋል ልጅ ከታገተ ወዲህ ዋሴ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ኮኪት መንደር ውስጥ ወሬው አንድ ነው፤ «ውስጥ አዋቂ ነው የጠቆመው!» ዋሴም አንዲት ልጅ አለችው፤ የትናየት፣ የዘጠኝ ዓመት። እሷን ከሚወስዱበት ነፍሱን ቢወስዱት ይመርጣል።

ስለዚህ መተማ ዮሐንስ ወርዶ ከሷሊህ ሱቅ ሶላር ገዛ። ሷሊህ ለገዢው ሁሉ የሚለውን አለው።

«ፓኔሉ ቀን ከፀሐይ ይጠጣል፤ ባትሪው ማታ ያጠጣል። ፀሐይ ካጣ ይደክማል፤ ሲደክም ይቺ መቆጣጠሪያ ራሷ መብራቱን እየቆረጠች ታሳርፈዋለች። ደግሞ ወላሂ፣ አቧራ አታልብሰው!»

«እሺ እሺ» አለ ዋሴ። ልቡ ቤቱ ነበር።

ፓኔሉን ጣሪያው ላይ አሰረ። ቀን ቀን ማሽላውን የሚያጭዱለት ሰዎች ስልክ ሁሉ ባትሪው ላይ ተሰክቶ ይውላል። ሲመሽ ዋሴ የቤቱን መብራት አስጠፍቶ በጨለማ ይቀመጣል፤ መጪውን ለማየት የሚበራው የበሩ አምፖል ብቻ ነው። ማብሪያው ያለው የዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነው። ዘበኛው ደምለው ይባላል፤ ከጎጃም ለአጨዳ ወርዶ በዚያው የቀረ ዝምተኛ ሰው።

መውቂያው ማሽን ከግቢው ጥግ ቆሞ ሳምንቱን ሙሉ የማሽላ ብናኝ ሲተፋ ሰነበተ። ሰኞ ዕለት ደምለው መጣ።

«ጋሽ ዋሴ፣ ጣሪያው ላይ ልውጣና ፓኔሉን ልወልውለው?»

«ከላይ ሆነህ ምን ልታይ? አርፈህ በርህን ጠብቅ!»

የዚያን ዕለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አምፖሉ ጠፋ፤ በራ፤ ጠፋ፤ በራ። ዋሴ በመስኮት አየ። ማክሰኞ ደግሞ ገና በሁለት ሰዓት ደገመው። አጋቾቹ እየተጠጉ ነው! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው አይደል?

«ልጅቷን ከጓዳ እንዳታስወጫት» አላት ሚስቱን ባየሽን።

ረቡዕ አንድ ሰዓት ሲል አምፖሉ ጠፋ፤ በራ። ዋሴ ክላሹን ይዞ ጎጆው ውስጥ ዘው አለ። የደምለው እጅ ማብሪያው ላይ ነው።

«ለማን ነው የምትጠቁም፣ አንተ ከሃዲ?»

«ኧረ በማርያም! አልነካሁትም፤ ምን ሆነ ብዬ ላየው ነው!»

በሰደፍ አፉን አለው። ጥርሱ ረገፈ። ደገመው፤ ግንባሩ ተተረተረ።

«ስማቸውን ጥራ! ልጄን ለማን ነው የሸጥካት?»

ደምለው ደም እየተፋ፣ እየዳኸ ወጣ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሮጠ። ዋሴ ሦስት ጥይት ለቀቀበት። ሰውዬው የእሾህ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ባየሽ እሪ አለች። ዋሴ ግን ከስንት ቀን በኋላ እፎይ አለ።

«አትጩሂ! ልጃችን ተርፋለች» አላት።

ጎጆው በሩ እንደተበረገደ ባዶውን ቀርቷል። አምፖሉ ሬሳው ላይ ያበራል።

ከዚያ ጠፋ፤ በራ፤ ጠፋ፤ በራ።