ወላጅ ይመርጣል

ሮይስ ታከት በአንድ እጃቸው የቲማቲም ከረጢት፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።

«ቲማቲሙ ለሚስትህ፣ ልጅቷ ለአንተ» አሉና ሳቁ። «ዩኒፎርሟን መቼ ነው የምንገዛው?»

ፓስተር ዴል ሃርግሮቭ ከጠረጴዛው ኋላ ብድግ አለ። ከማለዳ ጀምሮ ሲለማመደው የነበረው ንግግር ጠፋበት። የእረፍቱን ወራት ሙሉ «እንነጋገራለን» እያለ ሲያቆያቸው ከርሞ፣ ይኸው ትምህርት ከተጀመረ ሳምንት ሆነ።

«ይቀመጡ እስቲ፣ ወንድም ሮይስ» ብቻ አለ።

ቢሮው የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከግድግዳው ማዶ ልጆች መዝሙረ ዳዊት በኅብረት ያነባሉ። ከድምፆቹ መካከል አንዱን ዴል ለይቶ ያውቀዋል፤ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለይ እስከ አራተኛ ክፍል እየተገፋ የደረሰ ልጅ ነው። አሁን ያነባል። ዴል ይህን ትምህርት ቤት በመክፈቱ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ኬንሊ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። ከአፏ ቃል የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ ከሰማች ደግሞ ትሮጣለች። አሁን ጠረጴዛው ሥር ገብታ የዴልን የጫማ ክር መፍታት ጀምራለች። እሱም እግሩን አላንቀሳቀሰም።

«ያን በረዶ ታስታውሰዋለህ?» አሉ ሮይስ እግራቸውን ዘርግተው። «በኔ መኪና ስንት በር አንኳኳን! ሌላው ሰው ለሕጉ ፊርማውን ሰጠ፤ እኔ ቁርጭምጭሚቴን ለውሻ ሰጠሁ።»

ዴል ያስታውሳል። ሁለቱ ፊርማ ሲያሰባስቡ የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ የአርካንሳስ ግዛት ለአንድ ልጅ ትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ ልጁን ተከትሎ፣ ወላጁ ወደ መረጠው ትምህርት ቤት ይሂድ። ዴል በየሰው በረንዳ ላይ ሲናገር ሮይስ ኮፍያቸውን አውልቀው ከጎኑ ይቆሙ ነበር። መጀመሪያ ያመኑት እሳቸው ናቸው። ሕጉም ጸደቀ።

«ወንድም ሮይስ… ዘንድሮ ቦታ ሞልቶብናል።»

ሮይስ ፈገግታቸው አልጠፋም። «ሞላ? ውጭ ሰሌዳው ላይ ‹ምዝገባ አላለቀም› ይላል እኮ! ያቺን ጸሐፊህን ንገራት፤ ሰው ታሳስታለች።»

ውሸቱ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየለትም።

«አልሞላም» አለ። «ዋሸሁዎት። ባለፈው ግንቦት ለሙከራ ያመጧት ጊዜ፣ ደወል ሲደወል ሮጣ ወጥታ አውራ ጎዳናው ዳር ነው ያገኘናት። ያሉኝ አስተማሪዎች ሁለት ናቸው። አንዷ ‹እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ› አለችኝ። እንደ እሷ ያለ ልጅ መያዝ የሚችል ሰው የለኝም። ልቅጠር ብልም አቅሙ የለኝም።»

የሮይስ ፈገግታ ቀስ እያለ ሄደ። ጠረጴዛው ሥር ወደ ተጎነበሰው ትንሽ ጀርባ አዩ።

«እና የት ልውሰዳት?»

«የመንግሥት ትምህርት ቤቱ…» አለ ዴል። «እዚያ ለእሷ ዓይነት ልጆች የሠለጠነች አስተማሪ አለች። እሷን እንዲቀበሉም ሕግ ያስገድዳቸዋል። እምቢ ማለት አይችሉም።»

«ያ ‹ልጆቻችሁን ከእሳት አውጡ› እያልክ ከመድረክ ያወገዝከው ትምህርት ቤት?»

«አዎ» አለ ዴል።

«እምቢ ማለት አይችሉም» ሲሉ ሮይስ ለራሳቸው ደገሙት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ወላጅ ይመርጣል ነበር ያልነው፣ ፓስተር። እኔ መረጥኩ። አንተን መረጥኩ።»

ከማዶ ንባቡ ቆመ፤ አስተማሪዋ «ጎበዞች! በሉ እንደገና» አለች። ዴል ስለ ኢንሹራንሱ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች ሊነግራቸው ፈለገ። ሁሉም እውነት ነበር።

ሮይስ ጎንበስ አሉ። «ነይ የኔ እመቤት፤ ሰውዬውን በባዶ እግሩ ልታስቀሪው ነው።»

ኬንሊ ክሩን ጨርሳ መዝዛ በጣቷ ጠምጥማ ወጣች። አያቷ ሊያስመልሷት ሲሉ ዴል «ይሁን፣ ትያዘው» አለ።

ሮይስ ከባድ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «አይዞህ። ሰው የሌለውን ከየት ያመጣል? ያቺ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪማ ከሐምሌ ጀምሮ ስትደውል ነበር። እኔ ነኝ ስልኩን የማላነሳው።»

ለምን እንደማያነሱት ዴል መጠየቅ አላስፈለገውም፤ እሱን ሲጠብቁ ነበር።

ያንን ክር አልባ ጫማውን እየጎተተ እስከ መኪናው ሸኛቸው። የአርካንሳስ የነሐሴ ፀሐይ ጠጠሩን አግላዋለች። ኬንሊን አንስቶ አስቀመጣት፤ ቀበቶዋን አሰረላት። አላየችውም። ሮይስ ሞተሩን አስነሥተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«እሁድ እንገናኝ፣ ፓስተር! ከአምልኮ በኋላ ላለው ምሳ የተጠበሰ ዶሮ የማመጣው እኔ ነኝ።»

ከልባቸው ነበር። ዴል እጁን አነሣ።

መኪናዋ ከጠጠሩ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ሮይስ ታከት በቤተ ክርስቲያኑ ከፊት በሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰው ሁሉ የሚያውቅላቸው ቦታ አላቸው። ዴል ያ ቦታ እሁድ ጠዋት ባዶ ሆኖ ታየው፤ ደረቱም ቀለል አለው። እንዳይመጡ መመኘቱ እንዳቀለለው ሲገባው እጁ ገና እንደተነሣ ነበር።