የቅዳም ሹር ፈንዲሻ

ፈንዲሻው ድስቱ ውስጥ መንጣጣት ጀምሮ፣ ሰብለ ወንጌል ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ስትነቀንቅ፣ ከኋላዋ አርሴማ «ገባ» አለች።

«ምኑ ነው የገባው?»

«በቆሎው።»

ሰብለ ዞረች። የአራት ዓመቷ ልጅ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ቄጠማ በራሷ ላይ እንዳሰረች፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በጣቷ የምታሳየው የቀኝ አፍንጫዋን ቀዳዳ ነው።

ድስቱን አውርዳ፣ ማሩ የሚሞቅበትን መጥበሻ ከሰሉ ላይ እንደተወች፣ ልጅቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት። ቢጫ ነገር ከውስጥ ብልጭ አለ፤ ሩቅ ነው።

በቆሎውን የሰጠቻት ራሷ ናት። «የነቀዘውን ልቀሚልኝ» ስትላት ልጅቱ እሺ ብላ አጠገቧ ቁጭ ማለቷ ደስ ብሏት ነበር። የአርሴማን አባት ይታያልን አግብታ ቢቸና ከገባች ከጥር ወዲህ ሦስት ወር ሆናት። አርሴማ ከእጇ ትበላለች እንጂ ጠጉሯን አታስነካም፤ ልትስማት ስትጠጋ ፊቷን ታዞራለች፤ «አንቺ» ከማለት በቀር መጠሪያም አላወጣችላትም። እናቷ የሞተችባት ልጅ ናትና ሰብለ አልከፋትም። ማለት፣ እየከፋት ዝም አለች። በማር ተለውሶ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ፈንዲሻ ልጅቱ ስልክ ላይ አይታ «ለፋሲካ ሥሪልኝ» ያለቻት ዕለት ግን፣ አላሳደረችውም፤ ማሩን በዚያው ቀን ገዛች።

አሁን ይታያል በግ ሊገዛ ገበያ ወጥቷል። ነገ አማቷ ይመጣሉ። «ምን ታድርግ፣ የእንጀራ እናት አይደለች» የሚለው ወሬ ማንም ሳይናገረው ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ከጠጉሯ ላይ የጸጉር ሽቦ ነቀለች።

«ቀና በይ የኔ ቆንጆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

አርሴማ ሽቦውን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«እንዳትነኪው!»

ሙኒያ ነበረች፤ ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ እዚያው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ነርስ። ልብስ ስታጥብ ጩኸቱን ሰምታ፣ አረፋው ከእጇ ሳይወርድ በሩ ላይ ደርሳለች።

«በሱ ከነካካሽው ወደ ውስጥ ነው የምትገፊው። ከዚያ ወዲያ መተንፈሻዋ ነው። ጣይው።»

ሰብለ ጣለችው። «ባጃጅ ልጥራ? ወደ ሆስፒታል…»

«ካልወጣ እንወስዳታለን። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አለ፤ እናት ናት የምትሠራው። ደህነኛውን ቀዳዳ በጣትሽ ትደፍኛለሽ። አፍሽን አፏ ላይ ትገጥሚና አንዴ እፍ ትያለሽ። ትንፋሹ ከኋላ ሄዶ በቆሎውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።»

«እኔ እኮ እናቷ አይደለሁም።»

«ሳንባ አለሽ አይደል? በቃ። እኔ እንዳልሠራው ክትባት የወጋኋትን አልረሳችልኝም፤ ይኸው አይተሻታል።»

አርሴማ የጤፉ ጆንያ ኋላ ገብታ አፍንጫዋን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«አብሽሪ ሰብልዬ» አለች ሙኒያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በግድ ግን አይሆንም። ካለቀሰች ወደ ውስጥ ትስበዋለች።»

ሰብለ ጆንያው አጠገብ ተንበረከከች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አክፍላ ነው።

«አርሴማ፣ በአፍሽ በኩል ልንፋብሽ ነው። እንደ ፊኛ።»

«ያማል?»

አያምም ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። «እኔ እንጃ። ሠርቼው አላውቅም።»

ልጅቱ አሰብ አደረገች። «እኔም» አለች።

ከዚያ ከጆንያው ኋላ በራሷ እግር ወጥታ መጣችና የሰብለ ጭን ላይ ተቀመጠች። ሰብለ አንድ እጇን ከማጅራቷ አደረገች፤ በሌላው የግራ አፍንጫዋን ደፈነች። አርሴማ ፊቷን አላዞረችም። አፏ የስኳር ሻይ ይሸታል።

ሰብለ ነፋች። ልጅቱ ሳል ይዟት ዓይኗ እንባ ሞላ እንጂ ምንም አልወጣም።

«ፈርተሽ ነው የነፋሽው» አለች ሙኒያ። «አፍሽን በደንብ ግጠሚ። አጭር፣ ጠንከር ያለ።»

ሰብለ አርሴማን አየቻት። አርሴማ ራሷ አፏን ከፈተች።

እፍ!

የሰብለ ጉንጭ ላይ እርጥብ ነገር ጠብ አለና ተንከባሎ ቀሚሷ ላይ አረፈ። በቆሎው ነበር።

ሙኒያ ስልኳን አብርታ የቀኙን አየች፤ የግራውን አየች፤ ልጆች በአንድ አያቆሙም ብላ ጆሮዎቿንም ጨምራ አየች። «አልሐምዱሊላህ! ባዶ ነው።»

«ተመስገን» አለች ሰብለ። ጀርባዋን ጆንያው ላይ ጣለች። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ።

«ማሩ!» አለች ሙኒያ ድንገት። ሮጣ መጥበሻውን ከከሰሉ ላይ አነሳችው። ውስጡ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ይጨሳል። «ውይ፣ አልቋል።»

«ይለቅ» አለች ሰብለ። «ይለቅ እባክሽ።»

ፈንዲሻው ማር ሳይነካው፣ ነጭ እንደሆነ ድስቱ ውስጥ ቀረ። ሙኒያ አንድ እፍኝ ዘገነችና እየቆረጠመች ወደ ልብሷ ተመለሰች።

አርሴማ ከጭኗ አልወረደችም። ቄጠማው ተንሸራቶ አንድ ዓይኗን ሸፍኗታል፤ ሰብለ መልሳ አስተካከለችላት። ጠጉሯን ነካቻት። ልጅቱ አልሸሸችም።

«ድገሚው» አለች ቆይታ።

«ወጥቷል እኮ፣ የኔ እመቤት።»

«ድገሚው።»

ዓይኖቿን ጨፍና፣ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ሰብለ ቀና አድርጋ ጠበቀች።