የምሥራቁ መስመር

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንዲት ሴት እጇን አወጣች። የላይኛው ሰፈር ነዋሪ ናት፤ ዓመት ሙሉ ውሃ በጀሪካን ተሸክማለች።

«ሌባውን ስታገኚው ስሙን ትጽፊዋለሽ?» አለቻት ምክር ቤቱ የላካትን ኦዲተር።

«የማንም ይሁን የማን፣ እዚሁ መጥቼ በፊታችሁ አነበዋለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ብቻ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

የከተማው ውሃ የሕዝብ ነው። ግማሹ ወጪ ደንበኞች ከሚከፍሉት ሂሳብ፣ ግማሹ ከምክር ቤቱ በጀት ይሸፈናል። የላይኛው ሰፈር ፓምፕ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል፤ ምክር ቤቱ ግን የሚጠፋው ውሃ የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ለአዲስ ፓምፕ ሳንቲም አልለቅም ብሏል። በምሥራቁ መስመር በየወሩ ሦስት መቶ ሜትር ኪዩብ ውሃ ይገባና ማንም ሳይከፍልበት ይጠፋል። ይህ እስከ ዓርብ ካልታወቀ የፓምፑ በጀት ለሌላ ሥራ ይዞራል፤ ሥራ አስኪያጁም ይታገዳሉ።

ሰው ሁሉ የጠረጠረው ሥራ አስኪያጁን ነው። ከቧንቧ ሠራተኛነት ተነስተው ሃያ አምስት ዓመት እዚያው ቆይተዋል። የሚስታቸው ወንድም በምሥራቁ መስመር ላይ የመኪና እጥበት አለው። ኦዲተሯ የመስመሩን የድሮ ካርታ ስትጠይቃቸው «አይጥ በላው» አሏት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሆነው በእግር ወጡ። ሦስተኛው «ጆሮ» የሚሉት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ረጅም ብረት መሬት ላይ ይተክልና ጫፉን ጆሮው ላይ ደግፎ ከአፈር በታች የሚሄደውን ውሃ ያዳምጣል። ከሚስቱ ጥሪ በቀር የማይሰማው ነገር የለም ይሉታል።

መጀመሪያ መኪና እጥበቱ ጋ ደረሱ። ኦዲተሯ ቆጣሪውን አየች፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። አንድም ወር አልጎደለም።

«ከዚህም ያልፋል» አለ ጆሮ ከብረቱ ቀና ብሎ።

ሥራ አስኪያጁ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ፀሐዩ ከረረ። ለዛሬ እዚህ ይብቃን።»

«ነገ ዓርብ ነው፣ ጋሼ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?»

«እያስፈራሩኝ ነው?»

«ኧረ እየለመንኩሽ ነው።»

የተናገሩትን ከነሰዓቱ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው።

መስመሩ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞሮ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባ። ጆሮ በየአሥር እርምጃው ብረቱን ይተክላል፣ ያዳምጣል፣ ይነሳል። መሃል ላይ አንድ የላላ የድንጋይ ክዳን ነበር። ጆሮ ተሰናክሎ ግድግዳ ያዘ፤ ሥራ አስኪያጁም ተንገዳገዱ። ኦዲተሯ ወደ ታች ሳታይ ተሻገረችው።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልጠየቀችም። ደብተሯንም ዘጋች። ሥራ አስኪያጁ ፊቷን በጎን እያዩ ከኋላ ከኋላዋ ሄዱ።

አንድ የቆርቆሮ በር አጠገብ ጆሮ ተንበረከከ። ከአጥሩ ወዲያ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ያጓራሉ፤ በበሩ ሥር አረፋ ያዘለ ውሃ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ አፈሩንም ጫር አድርጎ ቧንቧውን አየ።

«እዚህ ነው» አለ። «ቆጣሪ የለውም። ቀጠላውም የቆየ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»

ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብለው በሩን በጀርባቸው ከለሉት።

«እኔ ነኝ የቀጠልኩት። ስሜን ጻፊ፣ አሁኑኑ ልፈርምልሽ። ፖሊስም ይምጣ። ይህን በር ግን ተዪው።»

«ስንት ተከፈለዎት?» አለች ኦዲተሯ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እዚህ ቤት ያለችው ሴት ባሏ የሞተባት ሰሞን ነበር። ሰው ልብስ እያጠበች ነው ልጆቿን ልታሳድግ የተነሳችው። በወቅቱ ለአንድ ወር ብዬ ነው። ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም … እንዲህ ሆነ።»

«የላይኛው ሰፈር ልጆችስ?»

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ አልተነቃነቁም። ጆሮ ብረቱን ታቅፎ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል። ነገሩ አልገባውም።

«ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ጋሼ» አለች ኦዲተሯ።

ፈቀቅ አሉ። እሷ አላንኳኳችም። እጇን በቆርቆሮው ቀዳዳ አሾልካ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሳበችው፤ በሩም ተከፈተ።

«እንግዳ ይዘሽ እንደምትመጪ ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ፣ ልጄ?» አሉ እናቷ፣ እጃቸውን ከሳሙናው ውሃ እያወጡ።