ሃያ አራተኛው ወረቀት

የማተሚያ ቤቱ አለቃ ሰው ሲስቅ ሥራ የቆመ ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት በመጠረዣ ክፍሉ ሲያልፍ ወጣቶቹ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ይሉታል፤ እሱ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ሰላምታው ይኸው ነው።

ሰሞኑን ባለቤቶቹ አንድ ጣጣ አመጡበት። ለሦስቱም ማተሚያ ቤቶቻቸው አንድ የበላይ ሊሾሙ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወጣቶቹ ሠራተኞች ከጥሩ መሪ ምን እንደሚፈልጉ፣ ስማቸውን ሳይጠቅሱ ይጻፉና ይላክልን አሉ። ይህን ሹመት ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸብቷል። አሁን ዕድሉ ትናንት ከእናታቸው ጉያ በወጡ ልጆች እጅ ወደቀ።

«አዲስ ሣጥን አሠራ» ብለውት ነበር። ምን ሲደረግ! ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አቧራ የጠጣ የአስተያየት ሣጥን አስወጣ። ቁልፉ የት እንደገባ አይታወቅም።

«ወረቀት ለመክተት ቁልፍ ምን ያደርጋል? ቀዳዳ አለው አይደል?» አለና እንዳለ ግድግዳ ላይ አሰቀለው።

ሣጥኑን ያወጣችለት የግምጃ ቤቷ ሴትዮ ናት። ከሱ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠረችው፤ በቤቱ ውስጥ እሱን «አንተ» ለማለት የምትደፍር ሌላ ሰው የለም። «ይሄ ሣጥን ስንት ጉድ በልቷል!» ብላ ሳቀች። እሱ ሰዓቱን አየ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮውን ዘግቶ፣ የሣጥኑን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገነጠለና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። እንደ ማተሚያ ቤት ወግ ሁሉም የጻፈው ከመቁረጫው ሥር ባገኘው ቁራጭ ላይ ነው፤ ነጩም፣ ቢጫውም፣ ሰማያዊውም አለ። «የሚያዳምጥ» ይላል አንዱ። «ሲሳሳት ይቅርታ የሚል» ይላል ሌላው። «ልክ እንደ ጋሼ ያለ» የሚልም ተገኘ፤ ይህን ከሁሉም በላይ አስቀመጠው።

ከዚያ አንዱን ቢጫ ቁራጭ አነሳና ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ጥሩ መሪ ማለት የኛን አለቃ ያልመሰለ ሁሉ ነው» ይላል። «ሰላም ስንለው ሰዓቱን ያያል። ስማችንን አያውቅም፤ ለሱ ሁላችንም ‹እናንተ ልጆች› ነን። ወረቀት ይበተናል እያለ መስኮቱ በተቸነከረ ክፍል ውስጥ ይቀቅለናል። እሱ ወንበር ላይ የምቀመጥበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን እንደሱ ከሆንኩ እጄ ይቆረጥ።»

ወረቀቶቹን ቆጠራቸው። ወጣቶቹ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ወረቀቱ ሃያ አራት። አንዱ ሁለቴ ጽፏል ማለት ነው፤ አንዱን ለይምሰል፣ አንዱን ለመርዝ። ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገውም።

ጓደኞቿ «ጠበቃ» የሚሏት ጠራዥ ናት። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ መስኮቱ ይከፈትልን ብላዋለች። ሚስማሮቹ ዝገው ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነዋል፤ ማን ይነቅላቸዋል! አስጠራትና ወረቀቱን ወረወረላት።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

አነበበችው። ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ያቺ ፈገግታ ጉድ አፈላች።

«እኔ አይደለሁም ጋሼ። ግን የጻፈው ሰው አልዋሸም።»

«በግራ እጅ ነው የተጻፈው። ጽሑፍ እንዳይታወቅ የሚደረግ ተንኮል ነው፤ እኔ ይሄ አይጠፋኝም። አንቺ ደግሞ ግራኝ ነሽ!»

«ግራኝ ስለሆንኩማ በግራዬ ስጽፍ ያምርልኛል።» እስክሪብቶውን አንስታ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጻፈችው። የታተመ ነው የሚመስለው።

አለቃው ሁለቱን ጽሑፎች አስተያየ።

«እንግዲያው በቀኝሽ ነዋ የጻፍሽው!»

«ጋሼ...»

«ዝም በይ! እኛ በናንተ ዕድሜ አለቃችንን እንደ አባት ነበር የምናከብረው። ቀና ብለን አናየውም ነበር። ዛሬ ሁሉም ወንበር ያምረዋል!»

«እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባልሠራሁት አያባሩኝ።»

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ጣልሽ። ወንበሬን ስትመኚ ነበር ማሰብ።»

የስንብት ደብዳቤውን እዚያው ጽፎ ፈረመበት። ልጅቷ ተቀብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ስሜን እንኳ ተሳስተዋል።»

«ለመባረር ይበቃል።»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች። እሱ ሃያ ሦስቱን ወረቀት በፖስታ አሸገ፣ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለጠጥ አደረገና ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥሩ አየር ተነፈሰ። ሹመቱ ከእጁ እንደማይወጣ ታወቀው። ነገረኛዋንም ነቅሏታል።

ትንሽ ቆይቶ የግምጃ ቤቷ ሴትዮ ሣጥኗን ልትወስድ መጣች።

«ያቺ ልጅ እያለቀሰች ወጣች፤ ምን አደረግሃት?»

«ምን አደረገችህ አትይም? እንኪ፣ አንብቢው! ከነዚህ ልጆች ምን ይጠበቃል?»

መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋችው። እስከ መጨረሻው አነበበችና በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ውይ፣ እኔ በር ስጠብቅልህ በግራ እጅህ የሞነጫጨርካት ወረቀት! ያ የድሮ አለቃችን ሳያነባት ነው እንዴ የሞተው?»