ጠብታ በጠብታ

እንስሳ ያለ መተርጎሚያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከታገደ ወዲህ፣ ዘሪሁን ከሰፈሩ ሱቅ ገዝቶ ያመጣት የባሕር ዓሣ የሚሰማትን ሁሉ ቤቱ ይሰማል።

«ያቃጥላል» አለ መሣሪያው።

ከአዲሱ ውኃ እንድትላመድ መብራቱን ቀንሶ፣ የገንዳውን ጨዋማ ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ መጣችበት ላስቲክ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ቢቸኩል ትሞታለች፤ ቢተዋትም እዚያው ታፍና ትሞታለች።

«ዘሪ፣ ዝጋው በቃ!» አለች ሚስቱ ረድኤት።

«ቱቦውን?»

«ድምፁን እንጂ!»

ዘጋው። ጸጥታው ግን ባሰባት፤ ራሷ መልሳ ከፈተችው።

«ጨለመብኝ። ማን አለ?»

መሣሪያው የዓሣን ለሰው እንጂ የሰውን ለዓሣ አይተረጉምም። ረድኤት ይህን እያወቀች ላስቲኩ አጠገብ ተንበረከከችና፣ «አለን የኔ እናት፣ እዚሁ አለን» ትላት ጀመር።