ለዘበኛውና ለአውራ ዶሮው

«…ዘበኛውንም ባርክልን። የጎረቤታችንን አውራ ዶሮም ባርክልን። መርፌ የወጋችኝን ሲስተርም ባርክልን» ትላለች ሚጣ፣ ዓይኗን ጨፍና። ጨፍና ስላችሁ ጭምቅ አድርጋ፣ አፍንጫዋ ሁሉ ተሸብሽቦ።

«ቆጣሪ የሚያነበውን ረሳሽው» ይላታል ዳኛው በሹክሹክታ። ዳኛው ወንድሟ ነው፣ ሰባት ዓመቱ፤ ሁሉ ነገር ላይ ፍርድ ስለሚሰጥ ነው እንደዚያ የምንለው።

«ቆጣሪ የሚያነበውንም። አሜን!»

ብድግ ሊሉ ሲሉ እትዬ የሁለቱንም ትከሻ ያዝ አደረገች። «ቆይ ቆይ፣ ወዴት ነው? አልጨረስንም።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። አራታችንም ምንጣፉ ላይ ተንበርክከናል፤ ከጎናችን የእትዬ የሆስፒታል ሻንጣ ተዘግቶ ቁጭ ብሏል። ዛሬ ኦፕራሲዮን አላት። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፣ የልጆቹ እናት። አምና ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ አብሬያቸው ነው የምኖረው። ሞባይል እጠግናለሁ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሳለሁ።

በዚህ ጸሎት እትዬ እንዴት እንደምትኮራ ብነግራችሁ! ዘበኛው ማለት የሚጣን ኳስ የቀማት የትምህርት ቤታቸው ዘበኛ ነው። አውራ ዶሮው እያባረረ እግሯን የሚነክሳት ነው። ቆጣሪ አንባቢው ደግሞ ዳኛውን «አንተ ወፍራም» ያለው ሰውዬ። ቤተ ክርስቲያን ላይ ለሴቶቹ ሁሉ «የእኔ ልጆች እኮ ሳልነግራቸው ለጠላታቸው ይጸልያሉ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም አምኜ ነበር።

«ዛሬ አንድ ሰው እንጨምራለን» አለች እትዬ። ሱቅ የምትልካቸው ነው የሚመስለው፣ ድምጿን ቀለል አድርጋ። «እማዬን አድንልን በሉ። ጥሩኝ እስቲ። ሚጣዬ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ሚጣ ዓይኗን ገልጣ ወንድሟን አየችው። ዳኛው እንዳትይ በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«እምቢ» አለች።

«እንዴ! ከዶሮ አነስኩ ማለት ነው?» እትዬ ልትስቅ ሞከረች። እኔም ሳቅኩ፣ ሞኙ።

«እማዬን አልልም!» አለች ሚጣ፣ ወደ ወንድሟ ተጠግታ።

እትዬ ወደ ዳኛው ዞረች። «አንተ ነህ አይደል? ምን ብለሃት ነው?»

ዳኛው ከጉልበቱ ተነስቶ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ አለ። «አያታችንን ጠርተን ጸለይን፣ ሞተ። አባዬን በየቀኑ፣ በየቀኑ ጠራነው። አንቺ ነሽ ጥሩት ያልሽን። አንድም ቀን አላሳለፍንም። እሱም ሞተ። የጠራነውን ነው የሚወስደው» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ዘበኛውን ቢወስደው ግን ችግር የለውም» አለ።

ዘበኛው ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ገባኝ። ዓመት ሙሉ፣ እኛ «እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው» እያልን፣ እነሱ እኛን ከእግዚአብሔር ሲደብቁን ነው የከረሙት።

እትዬ እኮ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የምታስተምር ሰው ናት። ወደ ዳኛው ጠጋ አለች። «አባዬ በጸሎት አይደለም የሞተው፣ የኔ ጌታ። ታሞ ነው» አለች።

«እኮ፣ ታሞ። እንዳይሞት ነዋ የጸለይነው። ታዲያ ለምን ሞተ?»

እኔን አየችኝ። እኔ ዓይኔን ወደ ስፌት መኪናዋ አሸሸሁ። እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። መኪናው ላይ የዳኛው ሱሪዎች ታጥፈው ተደራርበዋል፣ ሰሞኑን ቀን ከሌት ስትሰፋቸው የከረመች። አንዱ ለዘንድሮ ነው። አንዱ ለከርሞ፣ ረዘም ያለ። ከሥር ያለው ለእኔም ሳይበቃ አይቀርም። ትናንት ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ከፍተን እናያለን፣ ግን ዕጢው የተሰራጨ ነው የሚመስለው፤ ልጆቹን አዘጋጃቸው» ብሎኛል። ለእሷ አልነገርኳትም። ሱሪዎቹን ሳይ ግን፣ ለካ የሚነገራት ነገር የለም።

ውጭ የቆመው ታክሲ ክላክሱን ነካ አደረገ።

«እሺ» አለች እትዬ። አልተቆጣችም። የሚጣን ግንባር ሳመች፣ የዳኛውን ኮሌታ አስተካከለች። «እናንተ ተዉት በቃ። አንተ ጸልይልኝ።» እኔን ነው። «ጮክ ብለህ፣ ስሜን ጠርተህ። ሰምቼው ልሂድ።»

ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ደፋች። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ዛሬ እህቴን…»

ሚጣ ተስፈንጥራ መጥታ በሁለት እጇ አፌን ከደነችው። «ጋሼ አትጥራት! በእናትህ አትጥራት!»

እጇ ይሞቃል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከአፌ ላይ ለማንሳት አንድ ጣት ይበቃኛል። ዳኛው አይጮህም፣ አያለቅስም፤ ዝም ብሎ ያየኛል፣ ማን እንደጠራት እንዳይረሳ። እትዬ እንደተንበረከከች ትጠብቃለች።

ታክሲው ደግሞ ክላክስ አደረገ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትጠሯት ነበር?